በቁና የተሰፈረው ቡችላ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ሰብሰብ በሉ። ደስ የሚል ተረት የፈለገ ግን ሌላ ቤት ይሂድ። ይኼንን ሳልናደድ ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬም አልሞክርም። ጊዜው እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ጊዜ ነው። እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ሙቀጫውም፣ እንቅቡም፣ በሩም ይናገር ነበር። ሰውም የሚሉትን ይሰማ ነበር፤ ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ግን ያኔም ጥቂት ነው።

በዚያ ዘመን ቦራ የምትባል ፍየል ነበረች። ግንባሯ ላይ ነጭ ስለነበረባት ነው ቦራ የተባለችው። ክፉ አልነበረችም፤ ቁጡ ነበረች። ሲያልቧት እግሯን ታነሳለች፤ ሲያጥሩባት አጥሩን ትበላለች፤ ሲቆጧት ትቆጣለች። እኔ እንዲህ ያለች ፍየል እወዳለሁ።

ቦራ የምትኖረው ከወይዘሮ ስንዱ ግቢ ነው። ወይዘሮ ናትና አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ተናድጄባታለሁና አንቱታው ይቅርባት። ስንዱ በእህል ገበያው ስሟ የተጠራ ሴት ናት። እሷ የሰፈረችውን እህል ማንም ደግሞ አይሰፍርም። ቁናዋን እስከ አፉ ትሞላለች፤ እህሉ እንዲረጋ ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ ከዚያ በመዳፏ አፉን አበስ አድርጋ ትርፉን ታወርዳለች። መሙላት፣ መነቅነቅ፣ ማበስ። እጇ ከዚህ ሌላ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ ሲራራ ነጋዴ ቤቷ አደረ። አበላችው፣ አጠጣችው፣ መደብ ለቀቀችለት። ሲነጋ ነጋዴው ከጉያው አንድ ቡችላ አወጣና ለውለታሽ ይሁን ብሎ ሰጣት። ቴሪየር የሚሉት የድንክ ውሻ ዘር ነው አላት። ቡችላው ጡት ከጣለ ብዙም አልቆየም፤ መዳፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቦታ ይተርፈው ነበር። ስንዱ ጭብጥ አድርጋ ያዘችውና ስሙን ጭብጤ አለችው።

ነጋዴው ሊሄድ ሲል ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛው፣ ሆዱ ትንሽ ስለሆነች ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ አብዪው፤ ከተራበ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ ከበረታ ደግሞ አይተርፍም አላት። ሁለተኛው፣ አይዞሽ፣ ቢያድግ ቢያድግ ከቁና አያልፍም አላት። ከሁለቱ የትኛው ጆሮዋ ውስጥ እንደቀረ መገመት አያቅታችሁም።

በዚያው ሰሞን የማኅበር ተራ ደረሳት። ሴቶቹ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ጭብጤን እያቀባበሉ ሳሙት። እማማ ደብሪቱ የምትባል የማኅበሩ ሽማግሌ ግን፣ ይኼማ ነገ ያድግና እንደ ሰው ውሻ ሁሉ አጥር ስር ይጋደማል አለች። ለጨዋታ ያህል ነው ያለችው። ስንዱን ግን ከነከናት። አፏን ሞልታ ተናገረች።

«ይኼ ውሻ ከቁናዬ አፍ ካለፈ፣ ስንዱ ብላችሁ አትጥሩኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ የከርሞ ሰው ይበለን ተባባሉና ወደየቤታቸው ሄዱ። ጉዱ የጀመረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ቁና ያለው እንዲያው በግምት ነው፤ ሰው ስለ ውሻ ሲያወራ በግምት ነው የሚያወራው። ስንዱ ግን ቁና ሲሏት ቁና ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጤፍና ሽምብራ ስትሰፍር የኖረች ሴት፣ ነፍስ ያለውንም እንደዚያው የሚሰፈር መሰላት።

እህል የሚሰፈርበትን ቁና ለውሻ ማዋል ነውር ነው። ይኼን ታውቃለች። ስለዚህ ከሙቀጫው ጎን ተደፍቶ አቧራ የሚጠጣ አንድ አሮጌ ቁና አነሳች። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ነው፤ ከእህል ከተሻረ ቆይቷል። አቧራውን አራገፈችና፣ ከዛሬ ጀምሮ የጭብጤ መስፈሪያ አንተ ነህ አለችው። ቁናው ደስታውን አልቻለውም። ተሽሮ የከረመ ሹም መልሰው ሲሾሙት እንዴት እንደሚያደርገው አይታችሁ እንደሆነ፣ ልክ እንደዚያ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ስንዱ በየቅዳሜው ከገበያ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጭብጤን ትሰፍረው ጀመር። ቁናው ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ በመዳፏ አፉን አበስ ታደርጋለች። መጀመሪያ ላይ ጭብጤ ቁናው ግርጌ ገብቶ ይጠፋ ነበር። እሷም ደስ ይላታል፤ ቁናውም፣ ገና ነው እመቤቴ፣ ብዙ ይቀረዋል ይላታል።

የጭብጤ ቀለብ የቦራ ወተት ነበር። ቦራ መጀመሪያ ይኼን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ለውሻ ልታለብ ነው ወይ ብላ ጮጮውን በእርግጫ አለችው። ግን አንድ ጠዋት ጭብጤ እየተንገዳገደ መጥቶ ሆዷ ስር ተወሸቀና እንቅልፍ ወሰደው። ባለፈው ክረምት ግልገሏ እዚያው ቦታ ላይ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ሞቶባት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቦራ ስትታለብ እግሯን አላነሳችም።

ወተቱ ተስማማው። ጸጉሩ አበራ፤ ሆዱ ሞላ፤ ክንድ የማያህለው ፍጥረት ዶሮዎቹን ግቢውን ያስዞራቸው ጀመር። የወተት ጥርሱ ሲወልቅ ሊሞት መስሎት ደንግጦ ወደ ቦራ ሮጠ፤ እሷም ሌላ ይበቅልልሃል፣ አርፈህ ተኛ አለችው። በቀለለትም። ቀጥሎ ተራው የጆሮው ሆነ። ከተወለደ ጀምሮ የተንጠለጠለው ጆሮው አንድ ቀን ቀኙ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ግራውም ቆመ። አቤት ሲያምርበት!

ያን ሳምንት ስንዱ እንደ ልማዷ ሰፈረችው። ገላው ቁናው ውስጥ በደንብ ገብቷል፤ ሁለቱ ጆሮዎች ግን ከቁናው አፍ በላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ስንዱ ፊቷ ተለወጠ። ነቅነቅ አደረገችው። አልረጋም። በመዳፏ አበሰችው። ጆሮዎቹ ጎንበስ አሉና እጇን ስታነሳ ተመልሰው ቆሙ።

ቁናውም፣ «እመቤቴ፣ አልፏል» አላት።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ወተቱ በግማሽ ተቀነሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጆሮዎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ወተቱ ደግሞ ተቀነሰ። በሦስተኛው ቅዳሜም ቆመዋል። ከዚያ በኋላ የቀረበለት ወተት የነካው ውኃ ነበር። እስኪ እናንተው ንገሩኝ፣ ጆሮ በረሃብ ይከሳል? ቢከሳስ ያጥራል? የገበያው ሁሉ ዳኛ የሆነች ሴት ይኼ ጠፍቷት ነው?

ትወደውም ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። እየራበው ታቅፈው ነበር፤ እየራበው ግንባሩን ትስመው ነበር፤ የኔ ጭብጥ፣ የኔ ጌጥ ትለው ነበር። ጭብጤም ፍቅሯን አጥብቆ ይፈልገው ስለነበር ምን እንደሚያስከፋት ተረዳ። ቅዳሜ ሲደርስ ጆሮዎቹን ከአንገቱ ጋር ያጣብቃል፤ ጭራውን ሆዱ ስር ይከታል፤ ትንፋሹን ውጦ ይጠቀለላል። ያን ጊዜ ቁናው ልክ ነው ይላል፤ ስንዱም ትስመዋለች። ወተቱን ግን አልመለሰችለትም። የዓመቱ ማኅበር ደርሶ ሴቶቹ እስኪያዩት ምን ያስቸኩለኛል አለች።

ቦራ ይኼን ሁሉ ከበረቷ ሆና ታያለች። የሷ ጡት ሞልቶ እየታለበ፣ ልጁ በረሃብ የጎን አጥንቱ ሲቆጠር ታያለች። ዝም ማለት ስላቃታት መጀመሪያ ወደ ቁናው ሄደች። ስፌትህ ያረጀ ነው፤ ትንሽ ላላ ብትል ማንም አያውቅብህም፤ ልጁም ይተርፋል ብላ በደህና ቃል ለመነችው። እሷ መለመን አትችልበትም፤ ግን ለመነች።

«እኔ ልላላ?» አለ ቁናው። «እኔ ከላላሁ ነገር ሁሉ በምን ይሰፈራል? ጠማማው እሱ ነው።»

«ልጁ ሊሞት ነው እኮ።»

«ይሙት፤ ብቻ ልኩን ጠብቆ ይሙት።»

ቦራ ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ወደ ጭብጤ ሄደች። ጭብጤ ሙቀጫው ጥግ ተኝቶ ነበር። ማንም አያየንም፣ ናና ጥባ ብላ ጡቷን አስጠጋችለት። ጭብጤ ሽታው ሲደርሰው አፍንጫው ተርገበገበ፤ ምራቁን ዋጠ፤ ፊቱን ግን አዞረ።

«እምዬ ቦራ፣ ከጠባሁ አድጋለሁ። ካደግሁ ደግሞ እመቤቴ ትጠላኛለች።»

ቦራ ይኼን ስትሰማ ራሷን አላወቀችም። በግንባሯ ገፋችውና ወደቀ። ወዲያው ደነገጠች፤ የልጁ ቅለት አስደነገጣት፤ የገፋችው ገለባ እንጂ ነፍስ ያለው አልመሰላትም። ጭብጤም እዚያው በወደቀበት ክብ ሆኖ ተጠቀለለ። ቁናው አጠገቡ የለም፤ እሱ ግን ቁና ውስጥ እንዳለ አድርጎ ነው የተኛው። ቦራ ይኼን ስታይ ንዴቷ ከቁጣ አለፈና እንባ ሆነ።

ሦስተኛ ወደ ስንዱ ዞረች። በማግስቱ ስትታለብ፣ እመቤቴ፣ ልጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ወተቱ የኔ ስለሆነ ለሱ ይስጡልኝ አለቻት። ስንዱ ማለቧን ሳታቋርጥ፣ በርዶት ይሆናል አለች። ደግሞም ማኅበሩ ደርሷል፤ ማኅበሩ ይለፍ እንጂ ከዚያ ወዲያ እንዳሻው ይበላል አለች። የገበያ ሰው በቃሉ ነው የሚኖረው፤ እኔ እስከ ዛሬ ቃሌን በልቼ አላውቅም፤ ለአንድ ውሻ ብዬማ አልጀምርም አለች።

«ቃሉ የእርስዎ ነው» አለች ቦራ። «እርስዎ ይራቡለት።»

ይኼን ብላ ጮጮውን በእርግጫ አለችው። ወተቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ስንዱም በልምጭ ሸነቆጠቻትና አሳጥራ አሰረቻት።

የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ግቢው ተጠርጎ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ ሁሉ ነገር አልቋል። ስንዱ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጭብጤ ሙቀጫው ጥግ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። ቦራ ከበረቷ አየችው። ድዱ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኑ ይንከራተታል። የግልገሏን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች፤ ይኼም ያው ነው። ገመዱን ጎተተች። አልበጠስ አላት። ስለዚህ አኘከችው፤ ፍየል ናትና።

ተፈታ ወደ ልጁ ሮጠች። ጭብጤ ሊነሳ ሞከረና አቃተው። ቁናው ከሙቀጫው ላይ ሆኖ፣ አትንኪው፣ ዛሬ ስለሚሰፈር ባዶ ሆዱን መሆን አለበት አላት።

ወገኖቼ፣ ቦራ የቁናውን አፍ በጥርሷ ያዘችና ጎተተችው። ስንደዶው ተንጣጣ። ቁናው ጮኸ፤ እኔ እኮ መስፈሪያ ነኝ አለ፤ እሷም አላመጠችው። እኔ እኮ የገበያ ዳኛ ነበርኩ አለ፤ አላመጠችው። ያለኔ ልክ የሚባል ነገር የለም አለ፤ ይኼንንም አላመጠችው። ምሬቱ ምላሷን አቃጠላት፤ የብዙ ዘመን አቧራ ጉሮሮዋን ያዛት። አልተወችም። ንዴት የገባው ፍየል ምን ጣዕም ያያል? መጨረሻ ላይ መሬት ላይ የቀረው ጥቂት የአክርማ ብጥስጣሽ ነበር።

ጭብጤ ወድቆ ይኼን ሁሉ ሲያይ ቆየ። ከዚያ በደከመ ድምፅ፣ አሁን ማነው የሚሰፍረኝ ብሎ ጠየቃት። ማንም አይሰፍርህም አለችው። እየተሳበ መጣና ጡቷን ያዘ። ጥቂት ጠባ፤ ትንሽ አረፈና ደግሞ ጠባ። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ በረደለት።

ስንዱ ገብታ የተበላውን ቁና ስታይ ጩኸቷ ሠፈሩን አናወጠው። ቦራን በቀንዷ ጎትታ ዳሱ አጠገብ ካለው ግንድ ላይ ጠፍራ አሰረቻት። ማኅበርተኞቹ ይሂዱ እንጂ ነገ አሳርድሻለሁ ብላ ማለችባት። ቀልዷን አይደለም። ይኼን ጭብጤም ሰምቷል።

ሴቶቹ መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። በመጨረሻ ስንዱ ጓዳ ገብታ ወጣች። በእጇ የያዘችው ቁና የእህል ቁናዋ ነው፤ ያው ገበያ የምትወስደው። ጭብጤን እዚያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሴቶቹ እህል የሚሰፈርበት ዕቃ ላይ ውሻ ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። ስንዱ ግን ይኼ አልታያትም። እንግዲህ ያለፈው ዓመት መሃላዬ ይኸው፣ እዩልኝ አለቻቸው።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የምን መሃላ?» አለች እማማ ደብሪቱ።

ስንዱ ነገረቻቸው። ከቁናዬ አፍ ካለፈ ብዬ አልማልኩም ወይ አለች። አንቺ አጥር ስር ይጋደማል ብለሽኝ የለም ወይ አለች። እማማ ደብሪቱ ብታስብ ብታስብ ትዝ አላላትም። ሌሎቹም ትዝ አላላቸውም። የዓመት ጨዋታ ማን ያስታውሳል? ያ ሁሉ ረሃብ የተራበው እኮ ለዚህ ነው፤ ማንም ለማይጠይቃት ቃል።

ስንዱ እንግዲህ ምን ታድርግ፤ እጇ የሚያውቀውን አደረገች። ቁናውን ነቅነቅ አደረገች። መዳፏን ዘርግታ አፉን አበሰች። ጭብጤ ከመዳፏ ስር ጆሮዎቹን አጣብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ እንደ ልማዱ ተጠቅልሏል። ልክ ነው አለች ስንዱ። ያን ጊዜ ቦራ ከግንዱ ስር ጮኸች። አልተሳደበችም፤ አልለመነችም፤ ግልገሏ ሲሞት የጮኸችውን ጩኸት ነው የጮኸችው።

ከስንዱ መዳፍ ስር አንድ ጆሮ ቆመ። ሌላውም ቆመ። መዳፏ ወደ ታች ጫን አለ፤ ከስር ደግሞ የሚገፋ ነገር አለ። ጭብጤ እግሮቹ እየተብረከረኩ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እያየው፣ ቁናው ውስጥ ተነስቶ ቆመ። ጸጉሩ በየቦታው ሳስቶ የጎን አጥንቱ አንድ ባንድ ይታይ ነበር።

«እመቤቴ፣ አድጌያለሁ» አላት። «በጣም እርቦኛል።»

እማማ ደብሪቱ የያዘችውን ዋንጫ አስቀመጠችና፣ አንቺ ስንዱ፣ አጥንት ሰፍረሽ ነው እንዴ ያቀረብሽልን አለቻት። ተነስታም የቦራን ገመድ ፈታች። ጭብጤ ከቁናው ዘሎ ሲወርድ ወደቀ፤ ተነሳ፤ በሴቶቹ እግር መሃል አልፎ ሄዶ ከቦራ ጠባ። ስንዱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ወድጄው እኮ ነው አለች። ወድዳዋለች፤ ማን አልወደደችውም አለ? ፍቅሯ ግን አንድ ጉንጭ ወተት አልሆነለትም።

የመጨረሻውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ቦራ አልታረደችም፤ ማኅበርተኞቹ ለምነው አስቀሯት። ጭብጤም ከዚያ ወዲያ ጠግቦ በላ፤ እስከሚያድገው ድረስ አደገ። ታዲያ ምን ያህል ሆነ? አድጎ አድጎ ድመት አላከለም። ድንክ ነዋ፤ ነጋዴውም ይኼንኑ ነው የተናገረው። ቁና ውስጥ ገብቶ ቢቆም ከአፉ የሚያልፈው ራሱና ጆሮው ነበር። የኋላ እግሩ ግን በዚያ ረሃብ ደክሞ ቀረ፤ ብርድ ባለ ቁጥር ዕድሜውን ሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ንዴቴ ግን አብሮ አላለቀም። መማል ካማራችሁ በራሳችሁ ሆድ ማሉ፤ በሌላው ሆድ አትማሉ። አሁን ተነሱና ወደየቤታችሁ ሂዱ፤ ከእጃችሁ የሚበላ ነፍስ ያላችሁ ሁሉ፣ ከመተኛታችሁ በፊት በልቶ እንደሆነ እዩ።